የሠላሳ አንድ ቁጥር ሱሪ

ስለ ቤዝቦል ሕጉ እኔን አትጠይቁኝ፤
የማውቀው አፈር ነው፤ ስለ አፈር ጠይቁኝ።
በኔቱኖ ሜዳ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ ምድር ቤት ወርጄ
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሱሪ ፈተግሁ በእጄ።
(መኪናው አለ፤ ይሰበራል፤ ይጠገናል፤ ይሰበራል።)
ደረቁን ጭቃ አርግፌ፣ ብርሃን ላይ ዘርግቼ፣
ማን የት እንደወደቀ እናገራለሁ
ጨዋታውን ሳይሆን እድፉን አይቼ።

የአንድ ሰው ሱሪ ብቻ ወሬ የለው።
ቁጥር ሠላሳ አንድ፤ የሳቬርዮ ነው።
ታጥፎ ይሄዳል፤ ከሳሙናው ሽታ ጋር ታጥፎ ይመጣል፤
ካውያው ያወጣው መስመር ቢላ ሆኖ ይቀመጣል።
ኪሱ ውስጥ የሱፍ ገለባ፣ ጨው የቀመሰ፤
ሌላ ምልክት የለም ሰው እንደለበሰ።
መጀመሪያ ታሟል ብዬ አዘንኩ፤
ቀጥሎ ሰነፍ ነው አልኩ፤
ቀጥሎ ጠየቅኩ።

ተተኪ መቺ ነው አሉኝ፤
ሦስት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ቆይቶ
ለሦስት ኳስ የሚነሣ፣ ዱላውን አንሥቶ።
የሌላው ትከሻ ሞቋል፤ የሱ ገና ብርድ ነው፤
የሌላው ስህተት ነገ ይታረማል፤ የሱ ነገ መቼ ነው?
ሲስት፣ ዓሣ ሻጩ ኔሎ ከአጥሩ ወዲያ ይጮሃል፦
«ቁጭ ማለት ከሆነማ
እኔንም ቅጠሩኝ፣ ወንበሩ ከቤቴ ይመጣል!»
ሲመታ ደግሞ፣ ጉልበቱ አርጅቷልና፣
ገና አንደኛው ጥግ ሲደርስ አሰልጣኙ እጁን ያነሣል፤
እግረ ቀጭን ልጅ ወጥቶ ይሮጥለታል፤
እሱ ወደ አግዳሚው፣ ወደ ሱፉ ይመለሳል።

ሯጩ ዞሮ ዞሮ የሚረግጠውን ነጭ ላስቲክ
ቤት ይሉታል።
ይሄን የሰማሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ።
በኛ አፍ ቤት የሚመታ ገጣሚ ነው፤
የመታውን ቤት ማንም አይገባበትም።
ሳቬርዮ ይመታል፤ ቤት የሚገባው ሌላ ነው።
ደብተር ያዡ ሽማግሌ፣ ኦታቪያኒ፣
የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ ነክቶ ቆጠረልኝ፦
«ሁለት መቶ አስራ አራቴ ተነሣ። ሃምሳ ሦስቴ መታ።
ቤት የገባው…» ገጹን ገለጠ፣ መለሰ፣
«አንዴ። አንቺ ሳትመጪ።»

ባለፈው መስከረም፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ዘጠነኛው ዙር ላይ፣ በማክተሚያው ምሽቱ፣
አግዳሚው ተሟጠጠ፤
አንዱ ተጎድቶ፣ አንዱ ከዳኛ ተጣልቶ፣
ለተተኪው ተተኪ ታጣ።
መታ።
በኔ መስኮት የሚታየው ጫማ ብቻ ነው፤
ጫማው ሁሉ ተነሣ።
የነሱ ወለል፣ የኔ ጣራ፣ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ፤
ደስታ ይሁን እርግማን አልለየሁም፤
ከሥር ሆኖ ለሚሰማው ሁለቱም አንድ ድምፅ ነው።

ራሱ ይዞልኝ ወረደ፣ በካልሲው፣ እያነከሰ።
ከዳሌ እስከ ጉልበት ቀይ፤
አፈሩ እንደ ጡብ ዱቄት ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ።
ደርሶ ነበር? ቀድመውት ነበር?
አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁም።
ኦታቪያኒ ጽፎታል፤ እሱንም አልጠየቅሁም።
እጠቢልኝ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ።
«እንግዲህ» ብሎ ወጣ።

በሳምንቱ ሣጥኑን ባዶ ሊያደርግ መጣ።
«ታጠበ?»
«ታጠበ» አልኩት። ሥራዬ ነው።
ሦስቴ ፈትጌዋለሁ፣ ኮምጣጤም ጨምሬ።
ፊቱ ሦስተኛዋን ኳስ እንደሳተ ሰው ሆነ።
ሱሪውን ገልብጬ ስፌቱን አሳየሁት፤
ከጎን ኪሱ በታች፣ ክሩ መሃል፣
ጥፍር የማትሞላ ቀይ መስመር።
መነጽሩን አወጣ፣
ወደ መስኮቷ ተጠጋ፣
እንደ ደረሰኝ አነበባት።